አድማጭ የሚቆጠርበት ሬዲዮ፦ የቤት ውስጥ የኢንተርኔት ጣቢያ ታሪክ

የኢንተርኔት ሬዲዮ ሰርቨር ከአንድ ምንጭ የተቀበለውን ድምፅ ሊሰማ ለሚፈልግ ሁሉ እያባዛ የሚልክ ኮምፒውተር ነው። ቤት ውስጥ ሲተከል ሦስት ነገሮችን ያገናኛል፤ ድምፁ የሚነሳበትን ማይክሮፎን ወይም የሙዚቃ ክምችት፣ ድምፁን አምቆ የሚያቀብለውን ኢንኮደር፣ ከሰርቨሩ ወደ አድማጮች የሚወጣውን መስመር። የዚህን ሥራ ታሪክ የወሰነው ሦስተኛው ነው። በአየር ሞገድ የሚሠራ ጣቢያ አንድ ሰውም ሰማው አንድ ሚሊዮን የማሰራጫው ወጪ አይጨምርም። የኢንተርኔት ጣቢያ ግን ለእያንዳንዱ አድማጭ የየራሱን ቅጂ ይልካል፤ ለአሥር አድማጭ አሥር እጥፍ፣ ለመቶ አድማጭ መቶ እጥፍ የመስመር አቅም ይፈልጋል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በዚህ መስክ የታዩት ፈጠራዎች፣ ንግዶችና የሕግ ክርክሮች አብዛኞቹ ከዚህ ሂሳብ የመነጩ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጋራዥ ውስጥ የተጀመረው ሬዲዮ

ከቤት ማሰራጨት ከንግድ ሬዲዮ ይቀድማል። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ፒትስበርግ አጠገብ ባለችው ዊልኪንስበርግ ይኖር የነበረው ፍራንክ ኮንራድ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። በ1919 በቤቱ ጋራዥ ውስጥ ከተከለው ማሰራጫ የሸክላ ሙዚቃ ማሰማት ጀመረ። የራሱ ሸክላዎች ሲያልቁበት በአካባቢው ካለ የሙዚቃ ሱቅ ይዋስ ነበር፤ ውለታውንም የሱቁን ስም በአየር ላይ በመጥራት ይመልስ ነበር። የአድማጩ መብዛት ኩባንያውን የራሱን ጣቢያ እንዲያቋቁም አነሳሳው። ኬዲኬኤ የተባለው ይህ ጣቢያ ኖቬምበር 2 ቀን 1920 የፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ውጤት በማሰማት ሥራውን ጀመረ።

የአየር ሞገድ ግን ውስን ሀብት ነው። ሁለት ማሰራጫዎች በአንድ ሞገድ ላይ ከገጠሙ ሁለቱም አይሰሙም። ጣቢያዎች በበዙ ቁጥር መጠላለፉ ስለባሰ፣ በ1922 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት አማተር ሬዲዮኞች ሙዚቃና መዝናኛ እንዳያሰራጩ ከለከለ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ማለት ፈቃድ፣ ምሰሶ እና ገንዘብ ሆነ። በአብዛኛው ዓለም ማሰራጨት የመንግሥት ወይም የትልልቅ ኩባንያዎች ሥራ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ከጓዳው የሚያሰራጭ ሰው መሣሪያው የሚወረስበት ሕገወጥ ሆነ። በኮንራድ ጋራዥ የተከፈተው በር በዚህ መንገድ ተዘግቶ ከሰባ ዓመት በላይ ቆየ።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

በ1993 ካርል ማላሙድ የተባለ አሜሪካዊ «ኢንተርኔት ቶክ ሬዲዮ» የሚባል ዝግጅት ጀመረ። በየሳምንቱ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ እየጋበዘ ያነጋግር፣ የተቀዳውንም ቃለ ምልልስ በፋይል መልክ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጥ ነበር። አድማጩ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ ሲጨርስ ይከፍተዋል። የስልክ ጥራት ያለው ድምፅ በሰከንድ 8,000 ባይት ይወስዳል፤ የግማሽ ሰዓት ጭውውት እንግዲህ 14.4 ሜጋባይት ይሆናል። በጊዜው ጥሩ ይባል የነበረው ሞደም በሰከንድ 14.4 ኪሎቢት ብቻ ስለሚያስተላልፍ፣ ይህን ያህል ፋይል ለማውረድ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ድምፁ ከሚወርድበት ፍጥነት በላይ የሚደመጥ በመሆኑ ቀጥታ ስርጭት የማይታሰብ ነበር።

በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት ግን ሰፊ መስመር ስለነበረ ሌላ ዘዴ ተሞከረ። በ1992 የተጀመረው ኤምቦን የተባለ መረብ የሠራው ማልቲካስት በሚባል አሠራር ነው። ከምንጩ የሚወጣው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ያለው ራውተር ያባዛዋል። ከአንድ ምንጭ የተጠለፈ የመስኖ ውኃ በየማሳው ደጃፍ እንደሚከፈል ማለት ነው። ጁን 24 ቀን 1993 በካሊፎርኒያ ዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል «ሲቪር ታየር ዳሜጅ» የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የሙዚቃ ቡድን በዚህ መረብ ቀጥታ ተጫወተ፤ በኢንተርኔት ቀጥታ በመጫወትም የመጀመሪያው ቡድን ሆኖ ይጠቀሳል። ኖቬምበር 18 ቀን 1994 ሮሊንግ ስቶንስ የኮንሰርታቸውን ክፍል በኤምቦን ሲያስተላልፉ፣ ይኸው ቡድን ከእነሱ ቀድሞ በዚያው መረብ ላይ ብቅ አለ።

ማልቲካስት የአድማጭ ብዛትን ሂሳብ ከሥሩ ሊፈታ የሚችል አሠራር ነበር። ይሁን እንጂ በመንገዱ ላይ ያለ ራውተር ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ኢንተርኔትን ለቤት የሚሸጡ የንግድ ድርጅቶች አሠራሩን ለሕዝብ ክፍት ስላላደረጉት ኤምቦን ከምርምር ግቢ ሳይወጣ ቀረ። ለቤት አሰራጪ የተረፈው ለእያንዳንዱ አድማጭ አንድ ቅጂ የመላክ አሠራር ብቻ ሆነ።

ነባር ጣቢያዎችም ወደ ኢንተርኔት የገቡት በዚሁ በኋለኛው መንገድ ነው። ኖቬምበር 7 ቀን 1994 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል የሚገኘው የተማሪዎች ጣቢያ ደብሊውኤክስዋይሲ የኤፍኤም ስርጭቱን በኢንተርኔት ጭምር ማስተላለፍ ጀመረ። የተጠቀመበት ሲዩ-ሲሚ ለሬዲዮ ተብሎ አልተሠራም፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የምስል ስብሰባ ሶፍትዌር ነበር። የአትላንታው የተማሪዎች ጣቢያ ደብሊውአርኢኬም በዚያው ጊዜ ተማሪዎቹ ራሳቸው በጻፉት ሶፍትዌር ሙከራ ላይ ነበር። በፌብሩዋሪ 1995 ደግሞ በካሊፎርኒያ ማሪና ዴል ሬይ ያለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት «ሬዲዮ ኤችኬ»ን ከፈተ። ጣቢያው የአየር ሞገድ ጨርሶ አልነበረውም፤ የገለልተኛ ሙዚቀኞችን ሥራ የያዘ ሲዲ እየተመላለሰ በኢንተርኔት ብቻ ይሰማበት ነበር።

የታመቀ ድምፅ

የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ያህል ይፈስሳል። በሰከንድ 28.8 ኪሎቢት የሚያስተላልፍ ሞደም ይህን ለመሸከም ወደ 50 እጥፍ ያንሳል። ክፍተቱን የሞላው የሰው ጆሮ ባሕርይ ነው። ጆሮ አንድ ጉልህ ድምፅ ሲሰማ ከጎኑ ያለውን ደካማ ድምፅ አይለይም፤ ጆሮ የማይለየውን መጣል ደግሞ ፋይሉን ያሳንሳል። በጀርመን ኤርላንገን በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ ከሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች ጋር በዚህ መርህ የሠሩት አሠራር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ኤምፒ3 የሚለውን የፋይል ቅጥያ በ1995 መረጡለት። በዚህ መንገድ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የታመቀ ሙዚቃ ከሲዲው 11 እጥፍ ያንሳል፤ ለተራ አድማጭ ግን ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም።

ከኤምፒ3 ቀድሞ ቤት የደረሰው ሪልኦዲዮ ነው። የቀድሞው የማይክሮሶፍት ባልደረባ ሮብ ግሌዘር ሲያትል ውስጥ ያቋቋመው ፕሮግሬሲቭ ኔትወርክስ በአፕሪል 1995 ያወጣው ይህ ማጫወቻ በዘገምተኛ ሞደም ላይ እንኳ ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ያሰማ ነበር። ጥቂት ሰከንድ ድምፅ አስቀድሞ ያጠራቅምና፣ አድማጩ ያንን ሲሰማ ቀጣዩን ይቀበላል። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1995 የሲያትል ማሪነርስና የኒውዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ግጥሚያ በዚህ ዘዴ ቀጥታ ተላለፈ። ማጫወቻው በነፃ ይታደል እንጂ፣ የማሰራጫው ሰርቨር ሶፍትዌር ይሸጥ የነበረው በአንድ ጊዜ ሊያስተናግድ በሚችለው የአድማጭ ቁጥር ልክ ነው። መስመሩ በአድማጭ ይከፈልበት እንደነበረ ሁሉ ሶፍትዌሩም እንዲሁ ሆነ፤ ለአንድ ግለሰብ አቅም የሚቀመስ አልነበረም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች በዚህ ሂሳብ ወርቅ ያዩበት ጊዜም ነበር። ማርክ ኪዩባንና ቶድ ዋግነር ዳላስ ውስጥ የመሩት፣ ኋላ ብሮድካስት ዶት ኮም የተባለው ድርጅት የበርካታ ጣቢያዎችን ስርጭትና የስፖርት ግጥሚያዎችን በኢንተርኔት ያሰራጭ ነበር። ያሁ በ1999 በ5.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ አገልግሎቱን ዘጋው።

ሻውትካስት

የቤት ጣቢያን ያስቻለው ግን አንድ ወጣት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ የወጣው ጀስቲን ፍራንክል በ1997 ዊንአምፕ የተባለውን የኤምፒ3 ማጫወቻ አውጥቶ ነበር። ድርጅቱ ናልሶፍት በ1998 መጨረሻና በ1999 መጀመሪያ ላይ፣ ፍራንክል ከቶም ፔፐር ጋር የሠራውን ሻውትካስትን በነፃ ለቀቀ። የሻውትካስት አዲስነት ቀላልነቱ ነው። አሰራጪው ቀድሞም ሙዚቃ የሚሰማበትን ዊንአምፕ ይከፍታል፤ አንዲት ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚጫወተውን ድምፅ አምቃ ወደ ሰርቨሩ ትልካለች፤ ሰርቨሩ ለአድማጮች ያከፋፍላል። ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሊሠሩ ይችላሉ።

ድምፁ የሚላከው ድረ ገጾች በሚላኩበት የኤችቲቲፒ አሠራር ላይ ተመሥርቶ ነበር። ልዩነቱ ድረ ገጽ ተልኮ ያልቃል፣ ይህ ግን የማያልቅ ፋይል መሆኑ ነው። በዚህም ምክንያት የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት መረቦች ሁልጊዜ አይዘጉትም ነበር። የዘፈኑ ርዕስ በድምፁ መሃል ይሰካል፤ ሰርቨሩ የተወሰነ ባይት ድምፅ በላከ ቁጥር ጥቂት ፊደል ጣልቃ ያስገባል፣ ማጫወቻውም ለቅሞ በመስኮቱ ላይ ያሳየዋል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ አይሲዋይ በሚል ምህጻር ይታወቃል። ምህጻሩ የመጣው ከሶፍትዌሩ የመጀመሪያ መጠሪያ ሲሆን፣ ፍቺው «መጮህ እችላለሁ» ነው። ጣቢያው ሲከፈት ስሙ በሻውትካስት የጋራ ማውጫ ላይ በራሱ ይመዘገብ ነበር። ዓለም ዳር ያለ እንግዳ አድማጭ በሙዚቃ ዓይነት ፈልጎ ያገኘው ነበር።

ሂሳቡ ግን ከቤቱ አልወጣም። በዚያ ጊዜ የነበረው የ56 ኪሎቢት ሞደም ወደ ውጭ የሚልከው ከ33.6 ኪሎቢት አይበልጥም ነበር፤ በሰከንድ 24 ኪሎቢት ለታመቀ ድምፅ አንድ አድማጭ ብቻ ይችላል። ቀጥሎ የመጣው ኤዲኤስኤል ወደ ቤት የሚገባውን መስመር በብዙ እጥፍ አሰፋው፤ ከቤት የሚወጣውን ግን ጠባብ አድርጎ ተወው። ኩባንያዎቹ የቤት ደንበኛ ይቀበላል እንጂ አይልክም ብለው አስበዋልና። ወደ ውጭ 128 ኪሎቢት ያለው ቤት ያንኑ የ24 ኪሎቢት ድምፅ ለአምስት ሰው ያደርሳል፤ ስድስተኛው ሲገባ የሁሉም ድምፅ ይቆራረጣል።

መውጫው ምንጩንና ሰርቨሩን መለየት ነበር። ቤት ያለው ኮምፒውተር አንዲት ቅጂ ብቻ ሰፊ መስመር ወዳለበት ሌላ ሰርቨር ይልካል፤ ያ ሰርቨር ደግሞ ለመቶዎች ያባዛዋል። ሰርቨሮች ከሰርቨር እየተቀበሉ ሊያቀባብሉም ይችላሉ። ኤምቦን በራውተሮች ሊሠራው የሞከረውን ማባዛት የቤት አሰራጪዎች በየወዳጆቻቸው ኮምፒውተር ላይ ሠሩት። ናልሶፍት በ1999 በአሜሪካ ኦንላይን ተገዛ፤ ሻውትካስት በኋላ በ2014 ከዊንአምፕ ጋር ለቤልጅጉ ሬዲዮኖሚ ተሸጠ።

አይስካስት እና ነፃው መንገድ

የሻውትካስት ኮድ ዝግ ነበር። በዚያው ወቅት ጃክ ሞፊትና ባራት ራጋቫን ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል አይስካስት የተባለ ሰርቨር ጀመሩ። ኋላ ዚፍ በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ድርጅት ሥር ገብቶ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ ሁለተኛው ትውልዱም በ2004 ወጣ። ኤምፒ3 ራሱ በፓተንት የተያዘ ነበር። ፍራውንሆፈር በ1998 በኢንኮደር ሠሪዎች ላይ የፈቃድ ክፍያ እንደሚጠይቅ ሲያስታውቅ፣ ክሪስ ሞንትጎመሪ ክፍያ የማይጠየቅበትን ኦግ ቮርቢስን ለመሥራት ተነሳ፤ የመጀመሪያው የተሟላ እትም በ2002 ተለቀቀ። ቀጥሎ የመጣውና በ2012 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ኦፐስ በዝቅተኛ ፍጥነትም ቢሆን ንግግርና ሙዚቃን አጣርቶ ያሰማል። የኤምፒ3 የፈቃድ ክፍያ በ2017 አበቃ፤ ዛሬ የኤምፒ3 ኢንኮደር መጠቀም ለማንም የሚከፈልበት አይደለም።

የአይስካስት አሠራር የቤት ሰርቨር ምን እንደሚመስል የወሰነ ነው። ዝርዝሩ ሁሉ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ስንት አድማጭ እንደሚፈቀድ፣ በየትኛው ፖርት ወይም የመግቢያ ቁጥር እንደሚከፈት (ልማዱ 8000 ነው)፣ የምንጩና የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ምን እንደሆነ። አብሮት የሚመጣው የይለፍ ቃል «ሃክሚ» ይላል፤ «ሰብራችሁ ግቡብኝ» እንደማለት ነው። ሳይቀይረው የተወ ሰው ጣቢያውን ለማንም አሳልፎ ሰጥቷል። አንድ ሰርቨር የተለያየ መጠሪያ ያላቸውን ብዙ ስርጭቶች ጎን ለጎን ያስተናግዳል፤ ለምሳሌ ያንኑ ዝግጅት መስመሩ ለሰፋለት በ128፣ ለጠበበበት በ32 ኪሎቢት። ምንጩ ቢቋረጥ አድማጮችን ሳያባርር ወደ ተጠባባቂ ስርጭት ያዛውራቸዋል፤ መብራት ለሚጠፋበትና መስመር ለሚዋዥቅበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሰርቨሩ የሚጫወተውን አይመርጥም። ያንን የሚያደርጉት ሌሎች ናቸው። ባት የተባለው አነስተኛ ሶፍትዌር ማይክሮፎን ወይም ሚክሰር ላይ የገባውን ድምፅ አምቆ ይልካል። በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የነበሩት ዴቪድ ቤልድና ሳሙኤል ሚምራም በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ሊኪድሶፕ ደግሞ ጣቢያውን ያለ ሰው ያስኬዳል፤ ሌሊት ከክምችቱ ዘፈን ይመርጣል፣ በሰዓቱ ማስታወቂያ ያስገባል፣ አቅራቢው ማይክሮፎኑን ሲከፍት ሙዚቃውን ዝቅ ያደርጋል።

ሕጉም አድማጭ ቆጠረ

በዚህ ዘመን ከቤት ተነስተው ስም ያተረፉ ጣቢያዎች ተፈጠሩ። ረስቲ ሆጅ ሳን ፍራንሲስኮ ከሚገኝ ጋራዡ በ2000 «ሶማኤፍኤም»ን ጀመረ። በዚያው ዓመት የኤፍኤም ሬዲዮ ሰው የነበረው ቢል ጎልድስሚዝ ከባለቤቱ ከርቤካ ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ በተባለች ከተማ ካለው ቤታቸው «ሬዲዮ ፓራዳይዝ»ን አሰሙ። ከኮንራድ ጋራዥ ሰማንያ ዓመት በኋላ ሬዲዮ ወደ ጋራዥ ተመለሰ።

የሙዚቃ ባለመብቶች ክፍያም ተከተለው። በአሜሪካ የአየር ሞገድ ጣቢያ ለዘፈኑ ደራሲዎች ይከፍላል፤ ለድምፃዊውና ለአሳታሚው ኩባንያ ግን አይከፍልም። በ1995 እና በ1998 የወጡት ሕጎች የኢንተርኔት ጣቢያ ለሁለቱም ወገን እንዲከፍል አደረጉ። በጁን 2002 የተወሰነው ታሪፍ ለአንድ ዘፈን ለአንድ አድማጭ 0.07 ሳንቲም ነበር፤ የአንድ ሳንቲም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በሰዓት 15 ዘፈን እያሰማ በአማካይ 100 አድማጭ ላለው ጣቢያ ግን በቀን 36,000 ጊዜ ይቆጠራል። ይህም በቀን 25 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ በዓመት ከ9,000 ዶላር በላይ ነው። በርካታ ጣቢያዎች ተዘጉ። ሶማኤፍኤምም ለወራት ድምፁ ጠፍቶ ተመለሰ። በዓመቱ መጨረሻ የወጣ ሕግ ትንንሽ ጣቢያዎች ከገቢያቸው በመቶኛ እንዲከፍሉ በር ከፈተላቸው።

ማርች 2007 የቅጂ መብት ክፍያ ቦርዱ ታሪፉን እስከ 2010 ድረስ በየዓመቱ እያሳደገ ወደ 0.19 ሳንቲም የሚያደርስ ውሳኔ አሳለፈ። ከላይ የተጠቀሰው የመቶ አድማጭ ጣቢያ በዚህ ስሌት በዓመት ወደ 25,000 ዶላር ይደርስበታል። ጁን 26 ቀን 2007 ብዙ የኢንተርኔት ጣቢያዎች ለአንድ ቀን ድምፃቸውን አጥፍተው ተቃወሙ። በ2008 እና በ2009 የወጡ ሕጎችና ስምምነቶች ትንንሾቹን በከፊል አሳረፏቸው። ያ እፎይታ በ2015 መጨረሻ ሲያበቃ፣ ከ1999 ጀምሮ የራሳቸው ሰርቨር ለሌላቸው ሰዎች ጣቢያ የሚያከራየው ላይቭ365 በጃንዋሪ 2016 ተዘጋ፤ በ2017 በአዲስ ባለቤት እንደገና ተከፈተ። ስብከት፣ ውይይት ወይም ባለቤቶቹ የፈቀዱትን ሙዚቃ ብቻ የሚያሰማ የቤት ጣቢያ ከዚህ ክፍያ ውጭ ሆኖ ቀጠለ።

የስደተኛው ሬዲዮ

በውጭ አገር ለሚኖሩ የቋንቋ ማኅበረሰቦች ይህ ቴክኖሎጂ የተለየ ጥቅም ነበረው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚሰሙት የአገር ልጅ ሬዲዮ ከአካባቢው ጣቢያ በሰዓት በሚከራይ የአየር ጊዜ የሚተላለፍ ነበር። ኪራዩ ውድ፣ ሰዓቱ አጭር፣ ማሰራጫው የሚደርሰውም ከአንድ ከተማ ዙሪያ አያልፍም። አገር ቤት ላለው አድማጭ በአጭር ሞገድ የሚደርሱት ደግሞ የመንግሥታት ጣቢያዎች ነበሩ፤ ዶቼ ቬለ አማርኛ ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ከ1982 ጀምሮ። በየከተማው ተበትኖ ለሚኖር ሕዝብ የኢንተርኔት ስርጭት ከሁለቱም የተሻለ ነበር፤ ዴንቨር፣ ስቶክሆልም፣ ቴልአቪቭና ዱባይ ያለው አድማጭ አንድ ዝግጅት በአንድ ጊዜ ይሰማል። ሰርቨር መትከል የከበደው በ1998 የተጀመረውን ፓልቶክን ተጠቀመ። የድምፅ መወያያ ክፍሎቹ ለኢትዮጵያውያን አንድም የሬዲዮ፣ አንድም የሸንጎ ምትክ ሆነው አገለገሉ፤ አድማጩ ተራ ይዞ ይናገርባቸዋልና።

ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1997 ነው፤ መስመሩም ለረጅም ጊዜ ጠባብና ውድ ነበር። አገር ቤት ላለ አድማጭ በ128 ኪሎቢት የሚፈስ ድምፅ በሰዓት 57.6 ሜጋባይት ይበላል፤ በ24 ኪሎቢት የታመቀው 10.8 ሜጋባይት ብቻ። ንግግር ለሚያሰማ ጣቢያ ዝቅተኛውን ፍጥነት መምረጥ ለአድማጩ ኪስ ማዘን ነው። ሰዓቱም ይለያያል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ አዲስ አበባ ምሽት ላይ የሚሰማ ቀጥታ ዝግጅት አቅራቢውን በሥራ ቀኑ እኩለ ቀን ላይ ማይክሮፎን ፊት ማስቀመጥ ይኖርበታል። ዝግጅቱን ቀድቶ በተወሰነ ሰዓት ሰርቨሩ ራሱ እንዲለቀው ማድረግ የተለመደው መፍትሔ ነው።

የዛሬው የቤት ሰርቨር

በፌብሩዋሪ 2012 የወጣው ራዝቤሪ ፓይ የተባለ ኮምፒውተር የመታወቂያ ካርድ ያህል ሰሌዳ ላይ ተሠርቶ በ35 ዶላር ተሸጠ። ኤሌክትሪክ የሚፈጀው ከስልክ ቻርጀር በማይበልጥ ኃይል ነው፤ ቀንና ሌሊት ቢሠራም አይጮህም። አይስካስትንና ሊኪድሶፕን በአንድ ላይ ይሸከማል። ድሮ የጋራዥ ጥግ የያዘው ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ቻለ።

አስቸጋሪው የመሣሪያው ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ከውጭ ወደ ቤት የሚገባው መንገድ ሆነ። በቤት ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ ወደ ውጭ የሚታዩት በራውተሩ አንድ አድራሻ ነው። አድማጭ ከውጭ ሲያንኳኳ ራውተሩ ወደየትኛው መሣሪያ እንደሚያስገባው አያውቅም፤ ስለዚህ በ8000 ፖርት የመጣውን ሁሉ ወደ ሰርቨሩ እንዲመራ መታዘዝ አለበት። የቤት አድራሻ በየጊዜው የሚቀያየር በመሆኑም፣ ስሙን ከአዲሱ አድራሻ ጋር እየተከታተለ የሚያዛምድ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የተባለ አገልግሎት ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ 2011 የቀሩት አይፒቪ4 የተባሉት የኢንተርኔት አድራሻዎች ለአህጉራዊ መዝጋቢዎች ተከፋፍለው ካለቁ በኋላ፣ በተለይ የሞባይል ኩባንያዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ማጋራታቸው ይበልጥ ተስፋፋ። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ከውጭ ወደ ቤት የሚወስድ በር ጨርሶ የለም።

ሁለተኛው ለውጥ በአሳሾች በኩል መጣ። ማጫወቻ ሶፍትዌር መጫን ቀርቶ ድምፁ በቀጥታ በድረ ገጽ ላይ የሚሰማ ሆነ። አሳሾች ከ2020 ወዲህ በተመሰጠረ ገጽ ውስጥ ያልተመሰጠረ ድምፅ አናሰማም ማለት ሲጀምሩ፣ በባዶ 8000 ፖርት የሚያሰራጩ የቆዩ ጣቢያዎች በድረ ገጻቸው ላይ ዝም አሉ። መፍትሔው ሰርቨሩ የምስጠራ ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ ይሰጠዋል። ብዙዎች ከአይስካስት ፊት ሌላ የድረ ገጽ ሰርቨር አቁመው ምስጠራውን ለእሱ ይተዉለታል።

በእነዚህ ምክንያቶች የተለመደው አደረጃጀት የሻውትካስት ዘመን ሰዎች የደረሱበት ሆኖ ቀጥሏል፤ ምንጩ ቤት፣ አባዢው ሰርቨር በኪራይ ቦታ። በቤት ያለው ሰሌዳ አንዲት ቅጂ ወደ ውጭ ስለሚልክ የሚከፈት በር አያስፈልገውም። ኪራዩ ሲመረጥ የሚታየው ወርሃዊ የዳታ ፍጆታ ነው። በ128 ኪሎቢት ለአሥር አድማጭ ሌት ተቀን የሚሰማ ጣቢያ በቀን 13.8፣ በ30 ቀን 415 ጊጋባይት ያህል ይልካል።

የፋይበር መስመር በገባባቸው ከተሞች ግን ሰርቨሩን ራሱን ቤት ማስቀመጥ እንደገና የሚቻል ሆኗል። ወደ ውጭ 100 ሜጋቢት የሚልክ ቤት በ128 ኪሎቢት ከ700 በላይ ቅጂ በአንድ ጊዜ ሊያወጣ ይችላል፤ ለቤተሰቡ ሌላ አገልግሎት ቦታ ቢተውለት እንኳ ከብዙ የቤት ጣቢያዎች አድማጭ ይተርፋል። መስመሩ ሰፋ፣ ሶፍትዌሩና የድምፅ ማመቂያው ነፃ ሆነ፤ የሙዚቃ ክፍያው አሁንም በአድማጭ ይሰላል። ኮንራድ የሚሰማው ሰው መኖሩን ያወቀው ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ነበር። የአይስካስት ባለቤት የሰርቨሩን የሁኔታ ገጽ ሲከፍት በዚያች ደቂቃ ስንት ሰው እየሰማው እንደሆነ በቁጥር ተጽፎ ያገኛል፤ የሚልካቸው ቅጂዎችም ልክ ያን ያህል ናቸው።